ድመቷን ወደ ጓሮ የጠራት ማን ነው?

ፓላዲዮስ የሚባል ሮማዊ የእርሻ ጸሐፊ ነበር። በኛ አገር ኮሸሽላን የሚመስል፣ አርቲቾክ የሚባል አትክልት አለ፤ ፓላዲዮስ ከ1,500 ዓመት በፊት ወር በወር ከፋፍሎ በጻፈው መጽሐፍ፣ የመጋቢት ሥራ ላይ ሲደርስ፣ ስለዚህ አትክልት አንድ ምክር ይሰጣል፤ ፍልፈል እንዳያጠፋባችሁ መደቡ መሃል ድመት አኑሩ ይላል። አኑሩ! እኔ እዚህ ምክር ላይ የደረስኩት ተቃራኒውን ስፈልግ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተማርኩት ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው፣ የምሠራው ሶፍትዌር፤ በግቢያችን ሰዎች ዘንድ ይሄ ማለት ምጣድ ጠጋኝ ማለት ነው። ጎረቤቴ እትዬ ትንሽ ጓሮ አላቸው፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥጉ ላይ ጤና አዳም። የሰፈሩ ድመቶች ደግሞ መደቡን ሽንት ቤት አድርገውታል። «አንተ ልጅ፣ እስቲ የሆነ የሚጮህ ነገር ሥራልኝ» አሉኝ። ልጃቸው ነፍሰ ጡር ናት፤ ሐኪሟ ስለ ድመት ዓይነ ምድር አስጠንቅቋታል። ሌላ ጎረቤታችን ደግሞ አጭሩን መንገድ አቅርቧል፤ ሥጋ ላይ የአይጥ መርዝ።

የሐኪሙ ስጋት ከንቱ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የምትባለው ጥገኛ ተሕዋሲ የርቢዋን ዑደት የምትጨርሰው በድመት ዘሮች አንጀት ውስጥ መሆኑ የታወቀው በ1970 ገደማ ነው (ዘመኖቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። የሚገርመው፣ ትኩሱ ዓይነ ምድር ወዲያው አያስይዝም። ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ግን እርጥብ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል። ስለዚህ በየቀኑ ከሚጸዳ የአሸዋ ሣጥን ይልቅ ያልታጠበ ሰላጣ ያስፈራል።

ታዲያ ድመቷ እዚያ ምን ትሠራለች? የቤት ድመት ቅድመ አያት የአፍሪካ የዱር ድመት ናት። ቆጵሮስ ላይ፣ 9,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው መቃብር፣ አንድ ሰው ከጎኑ ድመት ተቀብራ ተገኝታለች። ቆጵሮስ ደሴት ናት፤ ድመት ደግሞ የደሴቲቱ ተወላጅ አይደለችም። ስለዚህ አንድ ሰው በጀልባ ጭኖ አምጥቷታል ማለት ነው። የአብዛኞቹ ተመራማሪዎች ማብራሪያ ቀላል ነው፤ ሰው እህል አከማቸ፣ እህሉ አይጥ ጠራ፣ አይጡ ድመት ጠራ። ጎተራ ያለበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይፈልግም።

ለረጅም ዘመን ሕጉም ከድመቷ ጋር ነበር። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ በሃወል ዳ ስም የሚጠራው የዌልስ ሕግ ዋጋ ቆርጦላታል፤ ዓይኗን እስክትገልጥ አንድ ፔኒ፣ አይጥ እስክትገድል ሁለት፣ ከገደለች በኋላ አራት። ማየት፣ መስማት፣ አይጥ መግደል፣ ጥፍሯም ሙሉ መሆን አለበት። ጉድለት ከተገኘባት ሻጩ የዋጋዋን ሲሶ ይመልሳል። ከብዙዎቹ የሶፍትዌር ውሎቻችን ይሄ ይሻላል።

ጎረቤት ከጎረቤት መካሰሱ የኋላ ታሪክ ነው። በ1926 አንድ እንግሊዛዊ የጎረቤቱ ድመት 13 እርግቦችና 2 ትናንሽ ዶሮዎች ስለገደለችበት ይግባኝ ድረስ ሄዶ ተረታ። ድመት ተፈጥሮዋ ነውና ባለቤቷ አይጠየቅም ተባለ። በ1949 ደግሞ የኢሊኖይ ምክር ቤት ወፎችን ለመጠበቅ ድመቶች ከባለቤታቸው ግቢ እንዳይወጡ የሚከለክል ሕግ አጸደቀ። አገረ ገዢው አድላይ ስቲቨንሰን ግን አልፈርምም አለ፤ መዞር የድመት ጠባይ ነው፣ ዛሬ በድመትና በወፍ መካከል ከገባን ነገ በወፍና በትል መካከል ልንገባ ነው ብሎ። የኛ ሰው ይህን ሁሉ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ብሎ በአራት ቃል ጨርሶታል።

ለኔ ከሁሉም የበለጠው ግን የ1947ቱ ነው። ሚሺጋን ውስጥ ኤድ ሎው የተባለ ሰው ጎረቤቱ ለድመቷ አሸዋ ስትለምነው፣ ፈሳሽ የሚመጥ የሸክላ ጠጠር ሰጣት። ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ የምትውል ድመት አመድ ወይም አሸዋ ነበር የሚቀርብላት፤ ሌላዋ ውጭ ነው የምትወጣው። ውጭ ደግሞ ምን አለ? ድመት የምትፈልገው ደረቅ፣ ልል፣ በቀላሉ የሚጫር አፈር ነው። አዲስ የተቆፈረ የጎመን መደብ ማለት እኮ እሱው ነው። እትዬ በየሳምንቱ በዶማ እያለሰለሱ ሽንት ቤት ያዘጋጁላቸዋል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ጩኸቱን ተውኩት። መሥራት አይከብድም፤ የሰውነት ሙቀት የሚለይ ሴንሰር፣ ሠላሳ መስመር ኮድ፣ ከፍተኛ ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር። የኛ ጆሮ 20 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያቆማል፣ የድመት ከ60 ያልፋል፤ ስለዚህ እኛን ሳይረብሽ እሷን ይረብሻል ነው ነገሩ። በ2006 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት እንዲህ ያለውን መሣሪያ በሰው አትክልት ቦታ ሞክሮት ነበር። ከሁለቱ ሙከራዎች በአንዱ የድመቶቹ አመጣጥ በሲሶ ያህል ቀነሰ፤ በሌላው የመጡት ቶሎ ሄዱ እንጂ መምጣቱን አልተዉም። ሲሶ ጥሩ ቁጥር ነው፣ ለነፍሰ ጡር ሰላጣ ግን አይበቃም። ጤና አዳምም በፈረንጅ አገር ድመት ያባርራል ተብሎ ይተከላል። የእትዬ ድመቶች ጥላው ሥር ነው የሚተኙት።

ያደረግነው ይሄ ነው። መደቡ ላይ የዶሮ ቤት ሽቦ በአግድም ዘርግተን፣ ጎመኑ የሚወጣበትን ቀዳዳ ቆርጠን፣ ጠርዙን በድንጋይ ጫንነው። መጫር የማይቻልበት አፈር ለድመት ወለል ነው። ከአጥሩ ጥግ ደግሞ ዝናብ የማይመታው የአሸዋ ሣጥን አስቀመጥን።

መርዝ ያለውን ጎረቤት እትዬ ራሳቸው አነጋገሩት። «ድመቶቹ ካለቁ ያንተን ጤፍ ማን ይጠብቀዋል?» አሉት። ጓዳው ውስጥ ሁለት ኩንታል አለው። ዝም አለ፤ ሥጋውንም አላየነውም።

ሣጥኑን በየማታው የሚያጸዳው የነፍሰ ጡሯ ባል ነው፤ ጓንት ገዝተንለታል። ሰላጣው ሽቦ ውስጥ ቢሆንም ሦስት ጊዜ ይታጠባል።