ሁለተኛው ታማሚ፦ ከስቴም ሴል ታሪክ የምንማረው አማና



መድረሳ የተቀመጥን ሁሉ አንድ ሥርዓት እናውቃለን። ደረሳው ኪታብ በእጁ ገልብጦ ቢጨርስም ሥራው አላለቀም። ግልባጩን ከእናት ኪታቡ ጋር ማመሳከር አለበት። ይህ ሙቃበላ ይባላል። አንዱ የሳታት ፊደል ከእርሱ ወደሚገለብጡት ሁሉ ትተላለፋለችና፣ ያልተመሳከረ ግልባጭ አይታመንም። ዛሬ የምናወጋው የሳይንስ ታሪክም የዚሁ የማመሳከር ጉዳይ ነው።

ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ያሉት ህዋሳት ሥራቸው ገና አልተለየም። ልብም፣ ነርቭም፣ ቆዳም መሆን ይችላሉ፤ ሱብሓነላህ! እነዚህን ህዋሳት እ.ኤ.አ. በ1981 ማርቲን ኢቫንስና ማቲው ካውፍማን ከአይጥ ፅንስ አውጥተው በላብራቶሪ አሳደጉ። በ1998 ደግሞ አሜሪካዊው ጄምስ ቶምሰን ከሰው ፅንስ አገኛቸው። ግን ህዋሱን ለማውጣት ፅንሱ ይጠፋልና ብርቱ ክርክር ተነሳ። የእኛም ዑለማዎች ዝም አላሉም። በ2003 መካ ላይ የተቀመጠው የራቢጣ የፊቅህ ምክር ቤት ከመካንነት ሕክምና የተረፈ ፅንስ በወላጆቹ ፈቃድ ቢሰጥ ፈቀደ፤ ያለ ሕክምና ምክንያት ሆን ተብሎ ከተጨናገፈ ፅንስ መውሰድን ግን ከለከለ።

በ2006 የጃፓኑ ሺንያ ያማናካ ሌላ በር ከፈተ። ከ24 ዘረመሎች አራቱን ለይቶ ወደ አይጥ ቆዳ ህዋስ ቢያስገባ፣ ህዋሱ ወደ መነሻው ተመለሰ። በዓመቱ በሰው ቆዳ ላይም ተሳካ። በ2012 ከእንግሊዛዊው ጆን ገርደን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ዛሬ ተመራማሪዎች ከታማሚው ቆዳ ተነስተው የራሱን የነርቭ ወይም የልብ ህዋስ በሳህን ላይ ያበቅላሉ፤ በሽታው እንዴት እንደሚጀምር ያያሉ፤ መድኃኒቱንም ሰው ላይ ከመሞከራቸው በፊት እዚያ ይፈትሹታል።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? መገልበጡ ላይ ነው። ህዋስ በተከፈለ ቁጥር ስድስት ቢሊዮን ገደማ የሚሆኑ የዘረመል ፊደላትን ይገለብጣል፤ አንዳንዴም ይስታል። በሳህን ውስጥ ደግሞ ስህተቱ በፍጥነት እንዲራባ የረዳው ህዋስ ጤነኛውን ይውጠዋል። ለረጅም ጊዜ በተራቡ የሰው ህዋሳት ላይ የ12ኛውና የ17ኛው ክሮሞሶም ትርፍ ቅጂ እንደሚገኝ በ2004 ታወቀ። እንዲህ ያለው ትርፍ በአንዳንድ ካንሰሮችም ላይ ይታያል። ከያማናካ አራት ዘረመሎች አንዱም ከካንሰር ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ህዋሳቱን በየጊዜው መፈተሽ ግድ ሆነ።

በመስከረም 2014 በጃፓኗ ኮቤ ከተማ የዶክተር ማሳዮ ታካሃሺ ቡድን ዓይናቸው እየደከመ ለነበረ በ70ዎቹ ዕድሜ ላለች እናት ከራሳቸው ቆዳ የተሠራ የዓይን ህዋስ ተከለላቸው። እይታቸው እንደ ድሮው ባይመለስም መድከሙ ቆመ። ዓለም ተደነቀ፤ ሁለተኛውም ታማሚ ተራ ይጠብቁ ነበር። ህዋሳቸው ሲመረመር ግን በመጀመሪያው ቆዳቸው ላይ ያልታዩ የዘረመል ለውጦች ተገኙበት። ለውጦቹ ካንሰር ያመጣሉ የሚል ማረጋገጫ አልነበረም። የሀገሪቱ ደንብም በዚያው ወቅት ተለውጦ ነበር። ቡድኑ በ2015 ሥራውን አቆመ። በ2017 አስቀድሞ በተፈተሸ የሌላ ሰው ህዋስ እንደገና ጀመረ።

ወጣቶች ሆይ! ታማሚው እየጠበቀ፣ ዓለም እያየ «እርግጠኛ አይደለንም» ብሎ እጅን መሰብሰብ ከባድ ነው። አማና ማለት ግን ይህ ነው። ይህን ከስልካችን ላይ ከምናየው ጋር እናስተያየው፤ ስኳሩንም ሽባነቱንም በስቴም ሴል እናድናለን የሚል ማስታወቂያ በየቀኑ ይመጣል። ከመቅኔ የሚወሰደው የደም ስቴም ሴል ለደም በሽታዎች ከዋለ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ አብዛኛው ሌላው ገና በጥናት ላይ ነው። ስለዚህ ለታመመ ወላጃችን ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት እንጠይቅ፦ ህዋሱ ከየት መጣ? ማን ፈተሸው? ውጤቱስ የት ተመዘገበ? መልስ የሌለው ሻጭ ሙቃበላ ያልተደረገለት ግልባጭ ነው።

ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ፈላጊው ግን እውነተኛ ይሁን። ታማሚዎቻችንን አላህ ያሽርልን። ወላሁ አዕለም።