የማሻ ጫካና የእሳት ዓይኖች

የሸካ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በማሻ ዙሪያ ያለው ጫካ በድሮው ልማድ ባለቤት አልባ አልነበረም። ኮቦ በሚባለው ሥርዓት እያንዳንዱ የጫካ ክፍል የታወቀ ባለይዞታ ነበረው፤ እሱም ቀፎውን ረጃጅም ዛፎች ላይ ሰቅሎ ማር ይቆርጣል። ማር ደግሞ ያለ ጭስ አይቆረጥም። እሳቱን ወደ ጫካው ይዞ የሚገባውና ጫካውን ከእሳት የሚጠብቀው ያው አንድ ሰው ነበር ማለት ነው። አገሩ በኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ መሆኑም ሥራውን አቅልሎለታል።

ባሌና ቦረና ይህ ዕድል አልነበራቸውም። በ1992 ዓ.ም. የበጋ ወራት የተነሣው ሰደድ እሳት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ደን በላ። ገበሬው፣ ተማሪውና ወታደሩ ወጥቶ ታገለው፤ ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጡ፤ ዝናብም ደረሰ። ጊዜው ግጥምጥሞሽ ነበረው። ቴራ የተባለችው የናሳ ሳተላይት የመጠቀችው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 8 ቀን ሲሆን፣ ሞዲስ የሚባለው መሣሪያዋ የመጀመሪያ ምስሉን ያነሣው የካቲት 16 ቀን ነው፤ ባሌ ገና እየነደደ ሳለ።

ሞዲስ እሳትን የሚያየው በኢንፍራሬድ ጨረር ነው። ይህን ለዓይን የማይታይ ጨረር ዊልያም ኸርሸል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1800 ነበር። የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ቢያኖር ሙቀቱ ከፍ ብሎ አገኘው።

ከዚያ በኋላ ሙቀትን ማየት ቀላል ሆነ፤ አስቸጋሪው እሳትን ከሌላው ትኩስ ነገር መለየት ነበር። ፀሐይም፣ የጋለ ሞተርም፣ የብየዳ ብልጭታም ኢንፍራሬድ ይረጫሉ። በነዳጅ ማከማቻና በአውሮፕላን መጠገኛ የሚሰቀለው የነበልባል ጠቋሚ ይህን የፈታው ራሱ ነበልባሉ በሚያወጣው ጋዝ ነው። እንጨት፣ ቤንዚን ወይም የቡና ገለባ ሲነድ የሚፈጠረው ትኩስ ካርቦንዳይኦክሳይድ 4.4 ማይክሮሜትር ገደማ ባለው የሞገድ ርዝመት በርትቶ ይፈነጥቃል። ከፀሐይ የሚመጣውን የዚህን አካባቢ ጨረር ግን በከባቢ አየር ያለው ያው ጋዝ አስቀድሞ ይውጠዋል። የተሻሻሉት ጠቋሚዎች ከዚህ ሞገድ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ሞገዶችን ጨምረው ያነጻጽራሉ። ነበልባል በሴኮንድ ከ1 እስከ 10 ጊዜ ገደማ እንደሚርገበገብም ያውቃሉ፤ ዝም ብሎ የጋለ ብረት አያታልላቸውም። ካርቦን የሌለው የሃይድሮጂን እሳት ግን ሊያመልጣቸው ይችላል።

ሳተላይቱ የሚሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። ከላይ ሆኖ የሚያይ በመሆኑ አየሩ የሚውጠውን ሞገድ ትቶ 4 ማይክሮሜትር ገደማ ያለውን ይመርጣል። አንዱ መሣሪያ የሚያድነውን ጋዝ ሌላው ይሸሸዋል።

አይቶ ዝም ማለት ዋጋ የለውምና ጠቋሚው መናገርም አለበት። በብዙዎቹ ጠቋሚዎች በሽቦው የሚሄደው ኤሌክትሪክ 4 ሚሊአምፒር ገደማ ከሆነ ሰላም ነው፤ 20 ከሆነ እሳት። ዜሮ ከሆነስ? ሽቦው ተቆርጧል ወይም መሣሪያው ተበላሽቷል። ሰላም የሚነገረው በዜሮ አለመሆኑ ከብልሃቱ ሁሉ ይበልጣል፤ ዝምታ ራሱ የብልሽት ምልክት ሆኗልና።

ከሰማይ የሚመጣው መረጃ ግን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ይጎድለዋል። ወፍራም ደመና ኢንፍራሬድን ስለሚጋርድ፣ ማሻ ላይ የሳተላይቱ የእሳት ካርታ ባዶ ሲሆን እሳት የለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሰማዩ ተሸፍኗል ማለትም ሊሆን ይችላል። ሳተላይቶቹም የሚያልፉት በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የመጠቀው ቪርስ የተባለው አዲሱ መሣሪያ ከሞዲስ 1 ኪሎሜትር ወደ 375 ሜትር ቀርቦ ቢያይም የደመናውን ችግር አልፈታውም።

የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን ደን ለሚጠብቁም የናሳ ፈርምስ አገልግሎት በተመረጠ ቦታ ላይ እሳት ሲታይ በነጻ ኢሜይል ይልካል፤ መረጃውም ሳተላይቱ ካለፈ በ3 ሰዓት ገደማ ውስጥ ይደርሳል። በማሻ፣ በአንድራቻና በየኪ ወረዳዎች የምትሠሩ የደን ባለሙያዎች ተመዝገቡ፤ ደመና በዋለበት ቀን ደግሞ ለማር ቆራጮቹ ደውሉ።