ብላክ ሳባዝ (አልበም)

«ብላክ ሳባዝ» በእንግሊዝ በርሚንግሃም የተመሠረተው የዚሁ ስም ባለቤት የሆነው ባንድ የመጀመሪያ አልበም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ወጣ። አብዛኛው በ1969 በአንድ ቀን የስቱዲዮ ሥራ ተቀርጿል። የሄቪ ሜታል ሙዚቃ መነሻ ተደርጎ መቆጠሩን የሚቃወሙ አሉ፤ ብሉ ቺርና ሌድ ዘፕሊን የተባሉት ባንዶች ቀድመው ጊታሩን አስጩኸውታል፣ አልበሙ ራሱም ሃርሞኒካ የሚሰማበትና ከሌሎች የተወሰዱ ዘፈኖችን የያዘ የብሉዝ ልጅ ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ክርክሩ ግን የሚስተው ነገር አለ፤ አዲሱ ነገር ጩኸቱ ሳይሆን ድባቡ ነበር። የመክፈቻው ዘፈን በዝናብና በቤተ ክርስቲያን ደወል ይጀምርና ሦስት ኖታ ብቻ ባላት፣ በዝግታ በምትጎተት የጊታር ሐረግ ይቀጥላል። ሐረጓ የቆመችው ትራይቶን በተባለው፣ ጆሮን በሚያስጨንቅ የድምፅ ርቀት ላይ ነው። ፍርሃትን የዘፈን ጌጥ ሳይሆን መዋቅር ያደረገችው እሷ ናት፤ ዱም ሜታል የተባለው ዘርፍም ከዚህችው ዝግታ የተቀዳ ነው።

የባንዱ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ በብረታ ብረት ፋብሪካ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ አጥቶ፣ ከቀለጠ ፕላስቲክ በሠራው የጣት ቆብና በቀጫጭን የጊታር ክሮች ይጫወት ነበር። የአጨዋወቱን ባሕርይ ሁሉ ለአደጋው መስጠት ግን ማጋነን ነው፤ ጉዳቱ መንገድ አስለወጠው እንጂ ዜማ አልሰጠውም። አልበሙ ሲወጣ ብዙ ሐያስያን አጣጣሉት፤ በብሪታንያ ሰንጠረዥ ግን 8ኛ ደረጃ ደረሰ።