ፓርላማው «ተዘጋ» ሲባል ተበተነ ማለት ነው?

በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ በሬዲዮ «ምክር ቤቱ ተዘጋ» ሲባል «ተበተነ» ብሎ የሚረዳው ሰው ብዙ ነው። ካምፕ ውስጥ ደግሞ ወሬ ቶሎ ይዞራል። ሁለቱ ግን ለየቅል ናቸው።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሥራ ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ መሐል ላይ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። የሚዘጋው ስብሰባው ብቻ ነው። አባላቱ አባል እንደሆኑ ይቆያሉ፤ አፈ ጉባኤውም በዕረፍት ላይ እያሉ ሊጠራቸው ይችላል።

ቢሆንም ይቺ የክረምት ክፍተት ቀላል አይደለችም። በአንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ይቀርብለታል፤ ከተዘጋ ግን እስከ 15 ቀን ጊዜ አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተፈጠረው ሁኔታ የታወጀው አዋጅ በምክር ቤቱ የጸደቀው ነሐሴ 8 ነው። እስከዚያ ድረስ ያለ ምክር ቤቱ ድምፅ ሲሠራበት ቆይቷል ማለት ነው።

መበተን በአንቀጽ 60 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የ5 ዓመቱ ዘመን ሳያልቅ ምርጫ ለማድረግ ምክር ቤቱን ማስበተን የሚችሉት ራሱ ምክር ቤቱ ሲፈቅድ ነው። ጥምር መንግሥት ፈርሶ ፓርቲዎች ሌላ መመሥረት ሲያቅታቸውም ይበተናል። ከተበተነ በ6 ወር ውስጥ ምርጫ ይደረጋል። እስከዚያ በሥልጣን ላይ ያለው መንግሥት የዕለት ሥራ ያከናውናል፣ ምርጫ ያካሂዳል እንጂ አዲስ አዋጅ ማውጣትም ሆነ የነበረውን መሻር አይችልም።