ማሽን ሰውን ሲመረምር፦ የኤቲኤም ማጭበርበርና የማስረጃ ሸክም ታሪክ



«የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ» የሚለውን ማሳሰቢያ ሁላችንም እናውቀዋለን። ምክሩ ትክክል ነው፤ ከበስተጀርባው ግን አንድ የታሪክ ጥያቄ አለ። ገንዘብ ባለቤቱ ሳያውቅ ከሒሳቡ ሲወጣ ጉዳቱን የሚሸከመው ማን ነው? የማስረዳቱስ ግዴታ የማን ነው?

አያቶቻችን በማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ሲገበያዩ መርማሪው ተቀባዩ ራሱ ነበር። በንግሥቲቱ የራስና የትከሻ ጌጥ ላይ ያሉት እንቁዎች ጎልተው መታየታቸውን ያስተውላል፤ የተፋቀውን ብር አልቀበልም ይላል። ኤቲኤም ይህን ሥርዓት ገለበጠው። መርማሪው ማሽን፣ ተመርማሪው ሰው ሆነ።

ባርክሌይስ ባንክ እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1967 በለንደን ኤንፊልድ የመጀመሪያውን ማሽን ሲከፍት ደንበኛው የሚያስገባው ልዩ ምልክት ያለበት የወረቀት ቫውቸር ነበር፤ በአንድ ጊዜ የሚከፈለውም 10 ፓውንድ ብቻ ነበር። ኋላ ወረቀቱን ማግኔታዊ መስመር ያለው ካርድ ተካው። መስመሩ ለመቅዳት ቀላል በመሆኑ ሌባው ካርዱን መስረቅ አላስፈለገውም፤ በማስገቢያው ላይ የሚለጠፍ አንባቢና የቁልፍ ሰሌዳውን የሚያይ ትንሽ ካሜራ በቂው ሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት አጭበርባሪዎች በአንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ የራሳቸውን ሐሰተኛ ኤቲኤም ተከሉ። ማሽኑ የካርዱን መረጃና የሚስጥር ቁጥሩን ከመዘገበ በኋላ አገልግሎቱን መስጠት እንዳልቻለ ለደንበኛው ይገልጽ ነበር። ደንበኛው ማንነቱን ለማሽኑ አረጋገጠ፤ ማሽኑ ግን ማንነቱን ለደንበኛው አላረጋገጠም። የችግሩ ሥር ይህ ነው።

ፍርድ ቤቶችስ ማንን አመኑ? እ.ኤ.አ. በ1980 በኒውዮርክ አንዲት ደንበኛ 800 ዶላር ከሒሳቧ በወጣበት ሰዓት ሥራ ላይ እንደነበረች አስረዳች። ባንኩ የኮምፒውተር መዝገብ አቀረበ። ዳኛው የሰውን ቃል መርጠው ፈረዱላት። ቀድሞ በ1978 የወጣው የአሜሪካ ሕግም ደንበኛው የካርዱን መጥፋት ባወቀ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ካሳወቀ ኃላፊነቱን በ50 ዶላር ወስኖ፣ ክፍያው በደንበኛው ፈቃድ መፈጸሙን የማስረዳቱን ሸክም በባንኩ ላይ ጥሏል።

በብሪታንያ ነገሩ ሌላ ነበር። ባንኮች «ሥርዓታችን አይሳሳትም» ይሉ ነበር። ያላወጣሁት ገንዘብ ወጣብኝ ብሎ ያመለከተ አንድ ፖሊስ በ1994 አቤቱታው ራሱ እንደ ማጭበርበር ሙከራ ተቆጥሮበት ጥፋተኛ ተባለ። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው። ነጻ የወጣው በ1996 በይግባኝ ነው። የካምብሪጁ ምሁር ሮስ አንደርሰን ግን ገና በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከረቀቀ የምስጢር ፍቺ ሳይሆን ከአሠራርና ከአስተዳደር ጉድለት መሆኑን አሳይተው ነበር።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2001 የመጀመሪያዎቹን ማሽኖች በአዲስ አበባ ሲተክል ይህ ሁሉ ክርክር በሌላው ዓለም አልፏል። እኛ ማሽኑን ስንቀበል ልማዳችንን ይዘን ነው። አረጋውያን ካርዳቸውን ከነሚስጥር ቁጥሩ «ልጄ፣ እስቲ አውጣልኝ» ብለው ለጥበቃ ሠራተኛ ይሰጣሉ። ከኋላችን የቆመውን ሰው «እባክህ፣ ፈቀቅ በል» ለማለት ይሉኝታ ይይዘናል። መተማመን ክብራችን ነው፤ አጭበርባሪው የሚገባው ግን በዚያው በር ነው።

እንግዲህ ከታሪኩ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። አንደኛው የግል ጥንቃቄ ነው፦ እንደ ጠገራ ብሩ ዘመን ማሽኑን እንመርምር። የካርድ ማስገቢያው ከተነቃነቀ ወይም ባዕድ ነገር ከተለጠፈበት እንተወው፤ ቁጥሩን ስንጫን በሌላው እጃችን እንከልለው፤ የማናውቀውን ሰው ርዳታ በአክብሮት እንመልስ። ሁለተኛው ማስረጃ መያዝ ነው፦ ደረሰኙንና የስልክ መልእክቱን እናስቀምጥ፣ እንግዳ ነገር ስናይ ካርዱ እንዲታገድ ሳንዘገይ ለባንኩ እናሳውቅ፤ ያመለከትንበትንም ሰዓት እንመዝግብ። የኒውዮርኳን ሴት የረዳት በዚያ ሰዓት የት እንደነበረች ማስረዳት መቻሏ ነበር።

የደንበኛው ጥንቃቄ ግን የባንኩን ኃላፊነት አይተካም። የሕግ፣ የኮምፒውተርና የታሪክ ተማሪዎች፣ የማሽን መዝገብ በሰው ላይ ሲመሰክር መዝገቡ ራሱ ይመርመር ብላችሁ ጠይቁ።