በሰባተኛውም የማይወጣው ልጅ

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የድጓው ደራሲ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ አጎቱ መምህር ጌዴዎን ገርፈውት ሸሸ። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው የወጣች ትል አይቶ እንደ ተመለሰ ትውፊቱ ይነግረናል። እኛም ወንጌላውያኑ ለልጆቻችን ይህን ታሪክ መንገር እንወዳለን።

ግን ወገኖች፣ በሰባተኛውም የማይወጣውስ? የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ በሰፈር «ጅል» ይባላል፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል።

እንግሊዛዊው ዲክንስ በ1841 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልብ ወለድ ባርናቢ ረጅን ብልህ አላደረገውም። ሌሎች ሁከት ውስጥ ከተውት ሞት ይፈረድበታል፤ ምሕረት አግኝቶ ከእናቱና ከቁራው ጋር ገጠር ይኖራል። በ1847 ደግሞ የወንጌል አገልጋዩ አንድሩ ሪድ ለእንዲህ ያሉ ወገኖች ለንደን ላይ ተቋም መሠረቱ።

በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ኦቲዝም ሌላ ነው፤ የተደበቁት እናቶች ግን አንድ ናቸው።

በቅርቡ በአምልኮ መካከል አንድ ልጅ ጮኸ፤ እናቱ ይዛው ወጣች። ውጪ ያላት ሰው አልነበረም። ዞረን ያየናት እኛ ነን።