የምታስፈራ እናት፦ የአርሲ ኦሮሞ የአቴቴ ሥርዓት ትርጉም ከቤንጋል የካሊ አምልኮ ጋር ሲነጻጸር

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሚገኙት የኦሮሚያ ከተሞች፣ ይኸውም በአዳማ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ የሚያስተምር መምህር የአቴቴን ስም በሁለት ፈጽሞ በማይስማሙ መንገዶች ይሰማዋል። አንደኛው በበዓል ቀን የሚሰማው ነው፤ ሲንቄ የተባለውን ቀጭን በትር የያዙ እናቶች በሰልፍ ሲያልፉ የሕዝቡ የባህል ኩራት ሆኖ ይወደሳል። ሁለተኛው በስብከትና በቤት ውስጥ ጭውውት የሚሰማው ነው፤ አቴቴ ከዛር፣ ከጨሌና ከጠንቋይ ጋር በአንድ ተደምሮ «ባዕድ አምልኮ» ይባላል። ተማሪው ሁለቱንም ሰምቶ ወደ ክፍል ይገባል። መምህሩም ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ይደግማል ወይም ዝም ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሁለቱም አነጋገሮች ውስጥ የተዘለለውን ነገር፣ ማለትም በሥርዓቱ ውስጥ ያለውን ቁጣና የቁጣውን መንፈሳዊ ትርጉም መመርመር ነው።

በቅድሚያ ስሙ ከአንድ በላይ ነገር እንደሚያመለክት መገንዘብ ያስፈልጋል። በምዕራብ ኦሮሞ ዘንድ አቴቴ የሴቶችና የወላድነት ጠባቂ የሆነች ኃይል ስም ሲሆን፣ በስሟ የሚደረገውም ሥርዓት በዚያው ስም ይጠራል። የቤቱ እመቤት ቡናውን በቅቤ ቆልታ፣ ራሷን ቅቤ ተቀብታ፣ ጨሌዋን አውጥታ ታከብረዋለች። ላምበርት ባርተልስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት የምዕራብ ኦሮሞ ሃይማኖት ጥናት ይህንና ከእርሱ ጋር የሚዛመደውን የማራምን ሥርዓት ዘርዝረው ጽፈዋል። ማራም የሚለው ቃል «ማርያም» ከሚለው ስም ጋር ያለው መመሳሰል ብዙ አከራክሯል። በሸዋ አማርኛ ተናጋሪ ቤተ ሰቦችም አቴቴ የታወቀች ናት፤ ነገር ግን እዚያ የቤት ውቃቢ መልክ ይዛለች፤ ብዙው የሸዋ ሰው ነገሩን የሚመዝነውም በዚህ መልኩ ነው። በአርሲ ግን አቴቴ ከሁሉ አስቀድሞ ሴቶች በአንድነት ወጥተው የሚፈጽሙት የዜማ፣ የልመናና የፍርድ ሥርዓት ነው። ዝናብ ሲጠፋ፣ ልጅ ሲታጣ፣ ሴት ስትበደል ይወጣሉ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በተለይ የመጨረሻውን ነው።

ሲንቄ ከሀሮሬሳ ዛፍ የሚቆረጥ ቀጥ ያለ በትር ሲሆን፣ እናት ልጇን በምትድርበት ቀን ትሰጣታለች። ሙሽራዋ ወደ ባሏ ቤት ይዛው ትሄዳለች፤ እስከ ዕለተ ሞቷም የእርሷ ነው። የወንድ በትር ለመምታት ያገለግላል፤ ሲንቄ ግን ፈጽሞ አይመታበትም። ሴቲቱ ስትወልድ ደግሞ ቀነፋ የተባለውን ጌጥ በግንባሯ ላይ ታስራለች፤ ቀነፋ ባሰረች ወራት የሚመታት ወይም የሚሰድባት ሰው ከተራ በዳይ የከፋ ወንጀለኛ ሆኖ ይቆጠራል። አንድ ባል ይህን ቢያደርግ ሚስቲቱ ከቤት ወጥታ ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰማች ሴት ሁሉ የያዘችውን ሥራ ጥላ፣ ሲንቄዋንና እርጥብ ሣር ይዛ ትወጣለች። ላሟ አልታለበች፣ እሳቱ ጠፋ፣ ሕፃኑ አለቀሰ የሚል ምክንያት አያስቀራትም። ተሰብስበውም እየዘመሩ ወደ በዳዩ ደጃፍ ይሄዳሉ። በዜማው ውስጥ የበዳዩ ስምና ሥራው ይነሣል፤ በሌላ ቀን ሴት በአደባባይ የማትናገረው ስድብ በዚያ ቀን ይፈቀዳል። ሽማግሌዎች መጥተው ይለምኗቸዋል። በዳዩ ጥፋቱን አምኖ የሚጠየቀውን ከብት ካቀረበ ከብቱ ይታረዳል፤ ሴቶቹም ይመርቁታል። እምቢ ያለ እንደሆነ ግን ይረግሙታል። ሌይላ ቃሹ በአርሲ በኮፈሌ አካባቢ ያካሄዱት ጥናት ዜማው የፍርዱ ማጀቢያ ሳይሆን ፍርዱ ራሱ በዜማ የሚካሄድ መሆኑን ያሳያል፤ ይህ ግኝት ለሥነ ቃል መምህራን ትልቅ ቁም ነገር አለው።

በጎሣዎች መካከል ጠብ በሚነሣበት ጊዜም ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በሁለቱ ወገኖች መካከል ይቆማሉ። ጦር የያዘ ወንድ ያንን መሥመር አያልፍም። ለምን? የሴቶቹ ጉልበት አይደለም የሚያስቆመው፤ ርግማናቸው ነው። በኦሮሞ እምነት ፈጣሪ ዋቃ አንድ ነው፤ በፍጥረቱ መካከል ያለው ተገቢ ርቀትና መከባበር «ሰፉ» ይባላል። ወላድን የመታ ሰው የተጣላው ከአንዲት ሴት ጋር ብቻ አይደለም፤ ሰፉን አፍርሷል። ስለዚህ እናቶች ሲቆጡ የግል ቂማቸውን እየተወጡ እንደሆነ አይታሰብም፤ ዋቃ ይሰማቸዋል ተብሎ ይታመናል። ልጅ ያጠባ አፍ መርገም መቻሉ ነው የሚያስፈራው።

ይህን አሳብ በትክክል ለመረዳት ራቅ ብሎ ወደ ቤንጋል መመልከት ይጠቅማል። ህንድ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንግዳ አይደለችም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ብዙ ህንዳውያን ነበሩ። ከእነርሱ አብዛኞቹ ግን ከደቡብ ህንድ፣ በተለይም ከኬረላ የመጡ፣ ጥቂት የማይባሉትም ክርስቲያኖች ስለ ነበሩ፣ ተማሪዎቻቸው ስለ ካሊ ከእነርሱ የሰሙት እምብዛም አልነበረም።

ካሊ በሥዕል ስትታይ ጥቁር፣ ራቁቷን የቆመች፣ ምላሷን ያወጣች፣ የራስ ቅል ሐብል ያደረገች ናት። ከአራቱ እጆቿ በግራዎቹ ሰይፍና የተቆረጠ ራስ ይዛለች። ባዕድ ተመልካች ዓይኑ እዚህ ላይ ይቆማል። የሚያመልካት ሰው ግን ቀኝ እጆቿን ያያል፤ አንደኛው «አትፍራ» የሚል ምልክት ያሳያል፣ ሁለተኛው ስጦታ ይሰጣል። በ6ኛው መቶ ዓመት አካባቢ እንደተጻፈ በሚገመተው በዴቪ ማሃትምያ ታሪክ መሠረት፣ ካሊ የወጣችው ከዱርጋ ግንባር ነው። ራክታቢጃ የተባለው ጋኔን ከደሙ አንዲት ጠብታ መሬት በነካች ቁጥር ሌላ ጋኔን ስለሚበቅል በሰይፍ ሊሸነፍ አልቻለም፤ ካሊ ግን ደሙ መሬት ሳይደርስ ጠጥታ ጨረሰችው። ደም ደምን በሚወልድበት ቦታ የሚያቆመው ከሁለቱ ተዋጊዎች ውጭ የሆነ አስፈሪ ኃይል ነው የሚል አሳብ አለበት። በጦረኞች መካከል የሚዘረጋውን የሲንቄ መሥመር የሚያውቅ የአርሲ ተማሪ ይህን ታሪክ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

በ18ኛው መቶ ዓመት ራምፕራሳድ ሴን የተባለው የቤንጋል ባለቅኔ ካሊን እንደ ተቀየመ ልጅ እናቱን እየወቀሰ ዘምሮላታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በካልካታ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1855 በተመረቀው የዳክሺኔሽዋር ቤተ መቅደስ ካህን የነበረው ራማክሪሽና (1836–1886) እናቴ እያለ ያነጋግራት ነበር። ስሟ በሳንስክሪት ከጊዜና ከጥቁረት ጋር የተያያዘ ነው። ትርጉሙም ይህ ነው፤ የወለደችን ጊዜ መልሳ ትወስደናለች፤ ሞትን ከእናት እጅ የሚቀበል ሰው ፍርሃቱን ያሸንፋል።

ካሊን በተሳሳተ መንገድ የተረጐሙት ጥቂት አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ዓመታት የእንግሊዝ ሹም ዊልያም ስሊማን በመንገድ ላይ የሚዘርፉትንና የሚገድሉትን ወንበዴዎች የካሊ አምላኪዎች ማኅበር አድርጎ አቀረበ፤ የኋለኞቹ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ይህ አቀራረብ እጅግ የተጋነነ እንደ ነበረ አሳይተዋል። ራም ሞሃን ሮይ እ.ኤ.አ. በ1828 የመሠረተው የብራህሞ ማኅበር የተማሩ ቤንጋላውያንም የምስልን አምልኮ ሁሉ ነቀፉ። ይሁን እንጂ ባንኪም ቻንድራ ቻቶፓድያይ እ.ኤ.አ. በ1882 አናንዳማት በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ የተራቆተችውን ካሊ የተዘረፈች አገር ምሳሌ አደረጋት። አስፈሪነቷ በውጭ ገዥ ላይ ዞረ። ማን ነው የሚፈራት የሚለው ጥያቄ ከማን ናት ከሚለው ጥያቄ ይበልጥ ጠቃሚ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሁለቱን አንድ ናቸው ማለት ግን ስሕተት ነው። የአርሲ አቴቴ ምስል፣ ቤተ መቅደስና የተጻፈ መጽሐፍ የላትም፤ ከዋቃ በላይ ወይም አጠገብ የቆመች አምላክም አይደለችም። የካሊን መዝሙር የደረሱትና በቤተ መቅደሷ ያገለገሉት በብዛት ወንዶች ሲሆኑ፣ አቴቴን ሴቶች ብቻ ይመሩታል። ካሊ ሰውን ከሞት ጋር ታስታርቃለች፤ አቴቴ የወላድን መብት ታስከብራለች። በሁለቱ መካከል የታሪክ ዝምድና ለመፈለግ መድከም አያስፈልግም፤ የሚያገናኛቸው ርኅራኄና ቁጣ በአንዲት እናት መገኘታቸው ብቻ ነው።

በከተሞቻችን ሥርዓቱ ለምን እንደ ደከመ መረዳት አያዳግትም። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማ የመስመሩ ጣቢያ ሆነች፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲጀምር ከብዙ አገር የመጣ ሠራተኛ በአካባቢው ሰፈረ። የአቴቴ ጩኸት ደግሞ የሚሠራው የሰማች ሁሉ ትርጉሙን ስታውቅና ላለመውጣት ስትፈራ ነው። በኪራይ ቤት ግቢ ውስጥ አንዷ ከከምባታ፣ አንዷ ከመንዝ፣ አንዷ ከአርሲ የመጡ ጎረቤታሞች ለጩኸት ሊወጡ ይችላሉ፤ ሲንቄ ግን ሁሉም የላቸውም። በዚህ ላይ የእስልምናም፣ የኦርቶዶክስም፣ የወንጌላውያንም መምህራን ሥርዓቱን ነቅፈዋል። ለተበደለች ሴት ፖሊስና ፍርድ ቤት አሉ፤ ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በጎረቤቶቿ ፊት የደረሰባትን ውርደት ፍርድ ቤት አያነሣላትም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የገዳ ሥርዓት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል፤ የኦሮሚያ ክልልም እ.ኤ.አ. በ2021 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች በሕግ ዕውቅና ሰጥቷል። ሲንቄ የባንክ ስም እስከ መሆን ደርሷል። የሚያሳስበው ግን በመድረክ የሚታየው ሲንቄ ርግማኑ የተነሣለት መሆኑ ነው። ፈገግ ብላ በትሩን የምታሳይ ሴት ለካሜራ ታምራለች፤ ማንም ግን አይፈራትም። ሥርዓቱን በሴት ልጅ ግርዛትና በጠለፋ ተርታ «ጎጂ ልማድ» ብሎ መመዝገብ አንዱ ስሕተት ከሆነ፣ ቁጣውን አውጥቶ ጌጡን ብቻ ማስተማር ሌላው ነው።

ስለዚህ ሥነ ቃል የሚያሰበስቡ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ አያቶቻቸው ሲልኩ፣ የምርቃቱን ዜማ ብቻ ሳይሆን የስድቡንና የርግማኑንም እንዲጠይቁ፣ ዜማው በማን ደጃፍና በምን በደል ምክንያት እንደ ተዘመረ አብረው እንዲጽፉ ማድረግ ይገባቸዋል፤ የበዳዩ ስም ግን ቤተ ሰቡ በአካባቢው የሚኖር በመሆኑ አይጻፍ። አንዳንድ አያቶች ያለ በደል አቴቴ አይዘመርም ብለው እምቢ ይላሉ። ይህም መልስ በደብተሩ ላይ እንዳለ ይመዝገብ።